ሁለት ሰዓት ሞክሬ ፈረድኩ፤ ከዚያ 23 መልስ መጣብኝ

የክሩ መነሻ

ቅዳሜ ማታ አዲሱን ሲስተም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ነካካሁትና ሳላድር እዚህ መጥቼ ጻፍኩ። የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነበር፦ ፊደሉ ጠርቷል፣ መስኮቶቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ለዓይን ደስ ይላሉ፣ ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃም አይጎተትም። ከዚህ ሌላ ግን የለመድኩት ሁሉ ቦታ ለቋል። ሴቲንጉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አዲሱ ገጽ ላይ፣ ግማሹ አሮጌው ላይ ቀርቷል። ድሮ በአንድ ጠቅታ የማገኘው ነገር ከሦስት ነጥቦች ጀርባ ተደብቋል። ማራገቢያው ደግሞ አያርፍም፤ ምንም ሳልከፍት ያጓራል። ስለዚህ አልተሳካላቸውም፣ ወደ ድሮው ልመለስ ነው፣ እንደኔ የተሰማው ሰው አለ ወይ? አልኩ። የስክሪኑንም ፎቶ አያያዝኩ።

የሲስተሙን ስም ሆን ብዬ አልጠቀስኩም። ስም ከተጠራ ሰው ጎራ ለይቶ ይናከሳል ብዬ ነው። ሳይጠራም ተናከሰ። አሁን ነገሩ ስለበረደ፣ ሁሉንም መልስ ማንበብ ለሚታክተው ሰው የሆነውን በየተራው ልንገረው።

መልስ 1 የጨዋ ሰው ነው፤ በአንቱታ ነው የጻፈልኝ። ስሜቴን ስላካፈልኩ አመስግኖ ራሙ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት ይሁን ወይስ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ጠየቀ። የጠየቀበትንም ምክንያት አስረዳ። አዲስ ሲስተም በተጫነ ሰሞን ማሽኑ ከጀርባ ሥራ ይበዛበታል፦ ፋይሎቹን ለፍለጋ እንዲመቹ አንድ በአንድ ይመዘግባል፣ ጸረ ቫይረሱ ዲስኩን እንደ አዲስ ይፈትሻል፣ የቀሩ አፕዴቶችና ድራይቨሮች (ሲስተሙን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ይወርዳሉ። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሆን ባለቤቱ ጠቅ ያደረገው ነገር ተራ ይጠብቃል። እና በመጀመሪያው ምሽት ያዩትን ፍጥነት የሶፍትዌሩ ፍጥነት አድርገው አይውሰዱት አለ።

መልስ 2 የራሴው ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው፣ ዕድሜውን እኔም የማላስታውሰው። ይህን ስጽፍ ክርክሬ በግማሽ መፍረሱ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አፍ አውጥቼ አላልኩም።

መልስ 3 ከኔ ጎን ቆመ፤ እንዲያውም ከኔ በላይ ተቆጣ። ሶፍትዌር ሠሪዎች የሠሩ ለመምሰል የበሩን እጀታ ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራሉ ባይ ነው። ምስክር አድርጎ የጠራው ዊንዶውስ 8ን ነው፦ ከ1995 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሰው የለመደውን የስታርት ቁልፍ በ2012 አውጥተው ጣሉት፣ ተጠቃሚው ጮኸ፣ በዓመቱ 8.1 ላይ ስታርት ሜኑውን መልሰው አስገቡት አለ።

መልስ 4 ይህን ለማረም መጣ። 8.1 ላይ የተመለሰው ቁልፉ ብቻ ነው፤ ሲጫኑት የሚወስደው ወደዚያው ስክሪኑን ሙሉ ወደሚሸፍነው ባለ ሰሌዳ ገጽ ነበር። ሜኑው ራሱ እስከ 2015፣ ዊንዶውስ 10 እስኪወጣ ድረስ አልተመለሰም። ይህ ሰው ከዚህ በኋላም ደጋግሞ ብቅ ብሏል፤ በመጣ ቁጥር የሚመጣው ሰው ለማረም ነው። ያበሳጫል፤ ስህተት ግን አላገኘሁበትም።

መልስ 5ን ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሠራበት ቢሮ የጽሑፍ ፕሮግራሙን በአዲስ የቀየረ ጊዜ የሆነውን ነው የተረከው። ለወትሮው ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ የምትጽፍ አንዲት ባልደረባው፣ በአዲሱ ፕሮግራም ገጽ ለማተም ስትል መንገዱ ጠፍቷት ጠዋቱን ሙሉ ተንገላታች። በማግስቱ የአዲሱን ሜኑ ካርታ በእጇ ስላ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈች፤ የቀሩትም እየመጡ ከሷ ካርታ ላይ ያዩ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ተላጦ ወደቀ። ማንም መልሶ አልለጠፈውም፤ የፈለገውም የለም። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያኮርፈው እጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ኩርፊያው ሦስት ሳምንት አይዘልቅም የሚል ነው አስተያየቱ። ካርታዋን ያነሳላት ይኑር አይኑር አልነገረንም፤ ጠይቄው ነበር።

መልስ 6 ያው አራሚው ነው። የእጅ ኩርፊያ የሚባለው እውነት ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዴ ግን የመጀመሪያው ቀን ግራ መጋባት ልክ ነው አለ። ኦፊስ 2007 ሲወጣ የፋይል ሜኑ ተነስቶ በግራ ጥግ አንድ ክብ አርማ ተቀመጠ። ማስቀመጥ፣ ማተም፣ መክፈት ሁሉ እዚያ ክብ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ጌጥ መስሎት አልነካውም። ያን ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት የመጡት ሰፊዎቹ የትእዛዝ ሰሌዳዎች ብዙ ተወገዙ፤ ግን እስከ ዛሬ አሉ። ክቡ ግን ኦፊስ 2010 ላይ ተነስቶ ፋይል የሚለው ቃል ተመለሰ። ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የተጠሉት፤ አንዱ ጥላቻ አለፈ፣ አንዱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው የትኛው የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ምሽት በምን ይለያል ነው አለ። ክሩ ዋና ነገሩን ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ማንም ግን ልብ ሳይለው አለፈ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ሰው እሳት ይዞ ነው የመጣው።

መልስ 7 ላይ አንቱታው ቆመ። አንተ እያለ ነው የጀመረው። በሁለት ሰዓት የሚፈርድ ሰው ሶፍትዌሩን ሳይሆን ልማዱን ነው የገመገመው አለ። ስሙን መደበቄንም አልወደደውም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ጠቅሶ፣ ምክር ለመጠየቅ ሳይሆን ጭብጨባ ፍለጋ ነው የመጣኸው ብሎ ደመደመ። መልስ 8 የኔ ነው፤ አላነሳውም። በተናገረው ልክ ተናገርኩት ማለቱ ይበቃል። በማግስቱ ላጠፋው ብፈልግም አወያዩ ማጥፊያውን ከ24 ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል፤ እስካሁን እዚያው ተሰቅሎ ያሳፍረኛል።

መልስ 9 የአንዲት ሴት ነው፤ ሶፍትዌር ሳይለቀቅ መፈተሽ ሥራዋ ነው። ጭቅጭቁን እንዳላየ አልፋ ረጅም ነገር ጻፈች። አዲስ ነገር ከመጫኗ በፊት፣ በአሮጌው ላይ እያለች፣ በየቀኑ የምትሠራቸውን አምስት ሥራዎች ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃና ስንት ጠቅታ እንደሚወስድ ትመዘግባለች። ከጫነች በኋላ ያንኑ አምስት በመጀመሪያው ቀን፣ በሰባተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ትሠራለች። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ለፍርድ አይቆጠርም፤ የሚጠቅመው ከሃያ አንደኛው ጋር ሲተያይ ነው። በየጊዜው እየቀነሰ የሄደው የእጅ ጉዳይ ነበር፤ ንቅንቅ ያላለው የሶፍትዌሩ ጥፋት ነው። ለመልስ 6 ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ እሷ ግን መልስ 6ን ያነበበችው አትመስልም።

ከዚያ ሌላ ሁለት ነገር ጨመረች። አንደኛው አሮጌ ፋይል ነው። ካለህ ሁሉ ያረጀውን ፋይል በአዲሱ ክፈተው፣ አንድ ቃል ቀይረህ አስቀምጠው፣ ከዚያ በአሮጌው መልሰህ ክፈተው ትላለች። አዲስ ፕሮግራም ወደፊት የሚወስድ መንገድ ይሠራና የኋላውን ሊዘነጋው ይችላል፤ ጭራሽ ወደፊትም የማይወስድ አለ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፋይናል ከት ፕሮ 10 በ2011 ሲወጣ ከሱ በፊት በነበረው በ7ኛው የተሠሩ የቪዲዮ ሥራዎችን መክፈት አይችልም ነበር፤ ሙያተኞቹ የተቆጡት በመልኩ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ባክአፕ ነው፤ ከመጫን በፊት የፋይሎችን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። እዚህ ላይ የ2018ቱን የዊንዶውስ 10 የጥቅምት አፕዴት አነሳች። አንዳንድ ሰዎች ጭነው ሲያበቁ ሰነድና ፎቶ ጠፍቶባቸው ተገኘ። ጥፋቱ የደረሰው እንደ ዶክዩመንትስ ያለ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው፣ የቀድሞው ቦታ ላይ ግን ፋይል የቀረባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ አፕዴቱ የቀድሞውን ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ከነያዘው አጠፋው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቆመ። እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው፦ ሳይለቀቅ የሞከሩት ጥቂት ሰዎች ፋይል ጠፋብን ብለው በአስተያየት መስጫው ጽፈው ነበር። የጻፉት ጥቂት ስለነበሩና ድምፅ ስላልተሰጠበት ከብዙዎቹ ጥቃቅን ቅሬታዎች ሥር ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ነው አስተያየት ሰጪው ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያመለክትበት ቦታ የተጨመረው። ስለዚህ የመጀመሪያ ስሜትህን መጻፍህ ጥፋት አይደለም፤ ማራገቢያው ያጓራል ከማለት ግን ምን ከፍተህ፣ በስንት ደቂቃ፣ የትኛው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይዞት እንደነበር ጻፍ አለችኝ። ተግሣጿ ከመልስ 7 ይልቅ ገባኝ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ ስለተናገረች ይሆናል።

መልስ 10 በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዛት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ በሃያ አንደኛው ቀን የምትፈርድ ከሆነ ፍርድሽ ላይ በሩ ተዘግቷል። እውነቱን ነው። በዊንዶውስ 10 መጀመሪያ ላይ አንድ ወር ነበር፤ በ2016 ወደ 10 ቀን ወረደ። የአሮጌው ሲስተም ፋይል በዲስኩ ላይ ትልቅ ቦታ ይዞ ስለሚቀመጥ ከዚያ በኋላ ይጠረጋል።

መልስ 11 እሷው ናት። ተሳስቻለሁ አለች፤ ሌላ ማለዘቢያ የለውም። ቀጥሎ፣ በአስተዳዳሪ የትእዛዝ መስኮት በኩል ይህ ገደብ እስከ 60 ቀን ሊራዘም እንደሚችል፣ ግን ገደቡ ሳያልፍ መደረግ እንዳለበትና የቦታ ማጽጃ ፕሮግራም በመሀል የአሮጌውን ሲስተም ፎልደር ካጠፋው ማራዘሙ ከንቱ እንደሆነ ጻፈች። እዚህ መድረክ ላይ ሰው እንዲህ ሲታረም ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

መልስ 12 የሊኑክስ (በነጻ የሚገኘው ሲስተም) ወዳጅ ነው። ሳይመጣ አይቀርም ብዬ እየጠበቅኩት ነበር። ዲስክህን ሳትነካ ከፍላሽ ላይ አስነስተህ መሞከር እየቻልክ ምን አሠቃየህ ነው ነገሩ። ሐሳቡ ደህና ነው፤ ከፍላሽ ሲነሳ ከዲስክ እንደሚዘገይ ግን ሳይናገር፣ ወዲያው ሌሎቻችሁ ባሪያዎች ናችሁ ወደሚለው ገባ።

መልስ 13 (አራሚው ነው፣ ገምታችኋል) ሊኑክስም ከዚህ ጣጣ ነጻ እንዳልሆነ ዘረዘረለት። ሊኑክስ ላይ መስኮቱንና ሜኑውን ከሚያሳዩት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ኬዲኢ 4.0 በጥር 2008 ሲወጣ ብዙ ነገር ጎድሎት ነበር፤ በ2011 ሌላው፣ ኖም 3፣ ሲመጣ መስኮት ማሳነሻውን ቁልፍ ከነታስክባሩ አስቀረው። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ አማርሮ ወደ ሌላው ወደ ኤክስኤፍሲኢ ዞረ፤ የድሮውን ኖም 2 ያልተዉት ደግሞ ማቴ ብለው ለብቻው ይዘውት ሄዱ። ቶርቫልድስ በኋላ ወደ ኖም መመለሱንም አልደበቀም፤ ለራሱ ክርክር የማይመቸውን ሳይቀር ይጽፋል ይህ ሰው።

መልስ 14 ተሰርዟል። መልስ 15 የአወያዩ ነው፤ ስድብ ሲደገም ክሩን እዘጋለሁ ብሎ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወዴት እንደነጎደ እኔም አላውቅም። መልስ 16 የዊንዶውስ ኤክስፒን አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ናፈቀኝ አለ፤ በኮምፒውተር የተሣለ ይመስለው ነበር። መልስ 17 ፎቶ መሆኑን፣ ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶ አንሺ በ1996 በካሊፎርኒያ በመንገድ ሲያልፍ በፊልም ያነሳው መሆኑን ነገረው። ከዚያ ወደ መክፈቻ ድምፅ ዞሩ፦ የዊንዶውስ 95ን የሠራው ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ ሲሆን፣ የሠራው ግን በተቀናቃኙ በአፕል ኮምፒውተር፣ በማክ እንደሆነ እሱ ራሱ ተናግሯል። በዚህ የሊኑክሱ ወዳጅ ሳይቀር ሳቀ። መልስ 18 ሳቅ ብቻ ነው።

መልስ 19 ነገሩን ትንሽ ወደ ቦታው መለሰው። እሱ አዲስ ፕሮግራም ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው በፊደላችን አንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ከዚያ ያንኑ በፋይል ስም፣ በፍለጋ ሳጥንና በሚታተመው ገጽ ላይ ያያል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ ስለሆነ ዛሬ ባዶ ሳጥን ከታየ ፕሮግራሙ ፊደሉን አያውቀውም ማለት ሳይሆን ቅርጹ የሌለበት ፎንት ተመርጧል ማለት ነው አለ። ሳጥን ባየ ቁጥር ፋይሌ ተበላሸ ብሎ የሚያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ ለሱ ልኬለታለሁ።

መልስ 20 ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ጸሐፊው ዓይነ ስውር ነው። እኛ ሁላችን ስለምናየው ነገር ነበር የምንነታረከው። ለሱ የመጀመሪያ ስሜት የሚጀምረው ማሽኑ ሲናገር ነው፤ ካልተናገረ የሁለት ሰዓቱ ሙከራ ከመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ አያልፍም። በዊንዶውስ መጫኛ ላይ የዊንዶውስ ቁልፉን፣ ኮንትሮልንና ኢንተርን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ አንባቢው፣ እንደሚነሳ ነገረን፤ እኔ በስንት ዓመቴ ነው የሰማሁት። ከ2006 ጀምሮ የሚሠራውን፣ ክፍያ የማይጠይቀውን ኤንቪዲኤ የተባለ የስክሪን አንባቢ ነው የሚጠቀመው። አዲስ እትም ሲወጣ የሚፈራው የቁልፍ ቦታ መቀየሩን አይደለም፤ ሠሪዎቹ አዲሱን ቁልፍ ስም ሳይሰጡት መልቀቃቸውን ነው። ያኔ አንባቢው በየቁልፉ ላይ ሲደርስ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ እያለ ያልፋል፤ የቱ ማስቀመጫ የቱ ማጥፊያ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ያማረርኩባቸው ሦስት ነጥቦች ለሱ ከነጭራሹ የሉም። አንድ ነገር ብቻ ለመነን፦ ስለ አዲስ ሶፍትዌር ከመጻፋችሁ በፊት ለአሥር ደቂቃ ማውሱን ንቀሉትና በታብ ቁልፍ ብቻ የት ድረስ እንደምትሄዱ እዩ። መልስ 7፣ የሰደበኝ ሰው፣ ሞክሮ በአራተኛው ደቂቃ አንድ መስኮት ውስጥ ታስሮ እንደቀረ መልሱ ሥር በትንሹ ጻፈለት። በአንቱታ ነበር የጻፈው።

መልስ 21 የኔ ነው፤ በስምንተኛው ቀን፣ የኔ ሲስተም መመለሻ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው። የሴትዮዋን አምስት ሥራዎች ሠርቼ ነበር። ማራገቢያው በሦስተኛው ቀን ጸጥ ብሏል፤ ፋይል ምዝገባው ሲያልቅ ማለት ነው። አሮጌ ፋይል መፈለግ እንዲያውም ከድሮው ፈጠነ። ደብዳቤ መጻፍና ሂሳብ መሥራት ያው ናቸው። ፎቶ ከስልክ መገልበጥ አንድ ጠቅታ ጨምሯል፤ ሦስቱን ነጥቦች ግን እጄ ሳላዝዘው ያገኛቸዋል። ሁለት ቦታ የተከፈለው ሴቲንግ እንዳናደደኝ አለ፤ እሱ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ። አምስተኛው ሥራዬ ወረቀት ስካን ማድረግ ነው። አሮጌው ስካነሬ በአዲሱ ሲስተም የሚሠራ ድራይቨር የለውም፤ አይሠራለትምም። በመነሻው ጽሑፌ ላይ ስካነር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፤ ያን ምሽት ለመንካት እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ወደ ድሮው የመለሰኝ እሱ ነው።

መልስ 22 ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሊኑክሱ ወዳጅ። በዚህ ጊዜ ማንንም ባሪያ አላለም። ሊኑክስ ላይ ሴን የሚባለው ሶፍትዌር ሌላው የተዋቸውን ብዙ አሮጌ ስካነሮች ያንቀሳቅሳል፤ ከፍላሽ አስነስተህ ስካነሩን ሰካና እይ፣ ካልሆነ ፍላሹን ነቅለህ ትተኛለህ አለ። ትናንት ማታ ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ገጽ ወጣ። አሁን ለስካን ብቻ የምትነሳ ፍላሽ አለችኝ።

መልስ 23 ዛሬ ጠዋት የመጣ አዲስ አባል ነው። ከላይ ያለውን አንዱንም ያነበበ አይመስልም። መነሻው ላይ ያያያዝኩት ፎቶ ላይ ከጀርባ የሚታየውን የግድግዳ ሥዕል ከየት እንዳመጣሁት ነው የጠየቀው።